የፎገራ ሜዳ የውኃ ወፎች ቆጠራ

የፎገራ ሜዳ የውኃ ወፎች ቆጠራ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በወረታ ከተማና በጣና ሐይቅ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ውኃና ረግረግ ተጠግተው የሚኖሩ ወፎችን በዓይነትና በብዛት ለይቶ የመመዝገብ ሥራ ነው። ለዚህ ቆጠራ የተመረጠው ጊዜ በጋ፣ በተለይም የጥር ወር ነው። በዚህ ወቅት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች ከአገሩ ነዋሪ ወፎች ጋር በአንድ ሜዳ ይውላሉ።

በአንድ ቀን የሚሰበሰብ መዝገብ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነው። በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅትና በዚያው ዘዴ ሲደጋገም ግን ሜዳው ምን እንደነበረና ወደ ምን እየተለወጠ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። የፎገራ ረግረጎች በእርሻ መስፋፋትና በውኃ መቀነስ ምክንያት እየጠበቡ በመምጣታቸው፣ እንዲህ ያለው መዝገብ ከወፍ ወዳዶች አልፎ ለአካባቢው ነዋሪም ጠቀሜታ አለው።

ሜዳው

ወረታ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው መሬት ጠፍጣፋ ሆኖ እስከ ጣና ዳርቻ ይዘልቃል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው።

ሜዳውን የሠሩት ሁለት ወንዞች ናቸው። ርብ በሰሜን፣ ጉማራ ደግሞ በደቡብ በኩል እየፈሰሱ ጣና ይገባሉ። ሁለቱም ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡ ሲሆን፣ ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነው ለሐይቁ አብዛኛውን ውኃ የሚያመጡት እነርሱ ናቸው። በክረምት ከደጋው አፈር ተሸክመው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ስለሚደክም ከዳርቻቸው እየወጡ መሬቱን ያለብሱታል። ጥቁሩ የፎገራ መረሬ አፈር በዚህ መንገድ ለብዙ ዘመን የተከማቸ ደለል ነው። ጎርፉ ሁልጊዜ በረከት ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል።

የጣና ውኃ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽና ወንዞቹ ወደ መስመራቸው ሲመለሱ በዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ውኃ ተኝቶ ይቀራል። ከእነዚህ መካከል ዋነኞቹ ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ናቸው። ከጎርፉ ጋር የገቡ ዓሦች፣ በተለይ አምባዛና ቆረሶ፣ በእነዚህ ጥልቀት በሌላቸው ውኃዎች ውስጥ ያድጋሉ። ውኃው ከዳር ወደ መሐል ቀስ በቀስ ሲደርቅ ለወፎች ሰፊ ገበታ ይዘረጋል። በእርጥቡ ጭቃ ላይ አጭር እግር ያላቸው ወፎች ትል ይለቅማሉ፤ ጉልበት በሚደርሰው ውኃ ውስጥ ባለ ረጅም እግሮቹ ይቆማሉ፤ መሐል ላይ ዳክዬዎችና ፔሊካኖች ይዋኛሉ። ስለዚህ ሜዳው የብዙ ዓይነት ወፍ መኖሪያ የሆነው ውኃ ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ ውኃው የተለያየ ጥልቀት ስላለውና ቀስ ብሎ ስለሚሸሽም ነው።

የሚመዘገቡት ወፎች

በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በፎገራ ሜዳ ላይ በበጋ ከሚታዩት መካከል ለቆጠራው ዋና ትኩረት የሆኑት የሚከተሉት ናቸው።

• ስደተኛው ግራጫ ክሬን፦ ሳይንሳዊ ስሙ ግሩስ ግሩስ ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ የሚሆን ወፍ ነው። አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ሲሆን፣ ድምፁ እንደ መለከት ከሩቅ ይሰማል። ሕንፃ ሲሠራ ዕቃ የሚያነሣው ረጅም ማሽን ክሬን የተባለው በዚህ ወፍ አንገት ተመስሎ ነው። ክሬኖቹ በሰሜንና በምሥራቅ አውሮፓ ረግረጎች ይፈለፍላሉ። የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ከኢስቶኒያ የተነሡ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ከርመዋል። በጣና ዙሪያ በጋውን የሚያሳልፉት በብዙ ሺዎች ይቆጠራሉ።

• ጥቁር ዘውዳማ ክሬን፦ ይህ ስደተኛ ሳይሆን ነዋሪ ነው። አናቱ ላይ እንደ ወርቃማ ጭድ የቆመ ዘውድ፣ ጉንጩ ላይ ነጭና ቀይ ምልክት አለው። ከአብዛኞቹ ክሬኖች በተለየ የኋላ ጣቱ ረጅም በመሆኑ ዛፍ ላይ ማረፍ ይችላል። ጎጆውን የሚሠራው ረግረግ መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመድቧል።

• ዋትልድ ክሬን፦ በአፍሪካ ከሚገኙ ክሬኖች ሁሉ ትልቁ ነው። ከመንጋጋው ሥር ነጭ ላባ የለበሰ ጥንድ ሥጋ ይንጠለጠልበታል። በኢትዮጵያ ያለው በደቡባዊ አፍሪካ ካሉት ዘመዶቹ ተነጥሎ የሚኖር ሲሆን ቁጥሩም አነስተኛ ነው። ይህም ወፍ ለመጥፋት ተጋላጭ ነው።

• ዝይዎችና ዳክዬዎች፦ የግብፅ ዝይና ክንፉ ላይ እሾህ ያለው ትልቁ ዝይ ነዋሪዎች ናቸው። ጅራቱ ሹል የሆነው ዳክዬና ምንቃሩ አካፋ የመሰለው ዳክዬ ግን ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ናቸው።

• ሽመላዎችና ዘመዶቻቸው፦ ነጭ ሽመላ ከአውሮፓ ይመጣል፤ ምንቃሩ ቢጫ የሆነው ሽመላ የአፍሪካ ነው። ከላም ኋላ እየተከተለች ነፍሳት የምትለቅመው ነጭ ወፍም ከእነዚሁ ጋር ትመዘገባለች።

• የጭቃ ዳር ወፎች፦ ረጅም ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ እየሰደዱ የሚመገቡ ትንንሽና መካከለኛ ወፎች ናቸው። ብዙዎቹ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ለመለየት በጣም የሚያስቸግሩት እነርሱ ናቸው።

የቆጠራው አጀማመር

የውኃ ወፎችን በአንድ ወቅት በብዙ አገሮች መቁጠር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ይህ ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረግ ሲሆን፣ የሚያስተባብረው ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ነው። የአፍሪካው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀመረ። ጥር የተመረጠው ስደተኛ ወፎች መንገዳቸውን ጨርሰው በክረማታቸው ቦታ የሚረጉበት ወር በመሆኑ ነው። በጉዞ ላይ ያለ ወፍ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ሊቆጠር ይችላል። የረጋ ወፍ ግን በአንድ አገር ብቻ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት በአገሪቱ 69 ቦታዎችን ለወፎች ጠቃሚ ናቸው ብሎ ለይቷል። የፎገራ ሜዳ ከእነዚህ አንዱ ነው። የጣና ሐይቅና አካባቢው ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ለዚህ ምዝገባ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር እገዛ አድርጓል።

ዓለም አቀፍ ቆጠራው አንድን ረግረግ ለመመዘን ሁለት የታወቁ መለኪያዎችን ያገለግላል። የመጀመሪያው ቦታው ዘወትር 20,000 ወይም ከዚያ በላይ የውኃ ወፎችን የሚይዝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ዝርያ ወይም ከአንድ የጉዞ መስመር ወፎች ጠቅላላ ብዛት 1 ከመቶውን የሚይዝ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ ዝርያ በመላው የጉዞ መስመሩ 50,000 ቢሆን፣ 500ውን የሚያስተናግድ ኩሬ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ረግረግም ቢሆን ብርቅ ወፍ ከያዘ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የአንድ ቀን ቆጠራ

ቆጣሪዎች በቡድን ይሠራሉ። አንዱ በቴሌስኮፕ እያየ ዓይነቱንና ቁጥሩን ይናገራል፤ ሌላው ይጽፋል፤ ሦስተኛው በባይኖኩላር ዙሪያውን ይጠብቃል። ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች ቴሌስኮፕ ከሦስት እግር ማቆሚያው ጋር፣ ባይኖኩላር፣ በእጅ እየተጫነ የሚቆጥር ትንሽ መቁጠሪያ፣ ቦታ የሚያመለክት ጂፒኤስ፣ የወፎች መለያ መጽሐፍ፣ ደብተርና እርሳስ ናቸው። እርሳስ የሚመረጠው ወረቀቱ ቢረጥብም ጽሑፉ ስለማይፈስ ነው።

ንጋት። በጥር ወር በወረታ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ለ1 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ቆጣሪዎቹ ግን ከዚያ በፊት በጨለማ ቦታቸውን ይይዛሉ። ክሬኖች ሌሊቱን የሚያድሩት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ነው። ጅብ ወይም ቀበሮ ቢጠጋ የውኃው እንቅስቃሴ ያነቃቸዋል። ብርሃን ሲመጣ መጮህ ይጀምራሉ፤ ከዚያም በቤተሰብና በመንጋ እየሆኑ ወደ ማሳዎቹ ይነሣሉ። ይህ ሰዓት ለክሬን ቆጠራ ከሁሉ ይሻላል፤ ቀን ላይ በሰፊው የሚበተኑት ወፎች ሁሉ ሌሊት በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስላደሩ ነው። ጸሐፊው በየ10 ደቂቃው የተነሡትን መንጋዎች፣ ቁጥራቸውንና የሄዱበትን አቅጣጫ ይጽፋል። አቅጣጫና ሰዓት የሚጻፈው ሌላ ቡድን በሌላ ቦታ ያንኑ መንጋ ደግሞ እንዳይቆጥረው ነው።

ረፋድ። ክሬኖቹ ከወጡ በኋላ በውኃው ላይ የቀሩት ይቆጠራሉ። ፀሐይ ከጀርባ መሆን አለባት፤ ፊት ለፊት ከሆነች ወፎቹ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆነው ይታያሉ። ረግረጎቹ ከወረታ በስተምዕራብ ስለሆኑ ጠዋት ከከተማው በኩል የሚመጣ ቆጣሪ ብርሃኑን ከኋላው ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ዞሮ ከሐይቁ ወገን መቆም ይኖርበታል። ውኃው በምናብ በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ ድንበር የሚሆኑት አንድ ዛፍ፣ የደንገል ክምችት ወይም የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ናቸው። አንዱ ክፍል ሳያልቅ ወደ ሌላው አይታለፍም።

ቀትር። ከ5 ሰዓት በኋላ የሞቀው አየር ከመሬት እየተነሣ ስለሚርገበገብ በቴሌስኮፕ የሚታየው ምስል ይንቀጠቀጣል። በዚህ ሰዓት ሩቅ ያለን የጭቃ ዳር ወፍ መለየት አስተማማኝ አይደለም። ቡድኖቹ ወደ ማሳዎች ሄደው የሚመገቡ ክሬኖችን ከቅርብ ያያሉ። ለቁጥር ብቻ ሳይሆን ለዕድሜም ነው የሚያዩአቸው። በዚያ ዓመት የተፈለፈለ ጫጩት ራሱ ቡናማ ሲሆን የትልልቆቹ ጥቁርና ነጭ አንገት የለውም፤ ክረምቱንም ከወላጆቹ ሳይለይ ያሳልፋል። ለምሳሌ ከ200 ክሬኖች 24ቱ ጫጩቶች ቢሆኑ 12 ከመቶ ማለት ነው። ይህ ቁጥር በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለው የመፈልፈያ ዘመን እንዴት እንዳለፈ ከፎገራ ሽምብራ ማሳ ላይ ሆኖ ለማወቅ ያስችላል።

ምሽት። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ቡድኑ ወደ ጠዋቱ ቦታ ይመለሳል። ክሬኖቹ እንደ ጠዋቱ በመንጋ ሆነው ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ፤ ሁለተኛ ጊዜም ይቆጠራሉ። የጠዋቱና የማታው ቁጥር ተቀራራቢ ከሆነ ቆጠራው ይታመናል። በጣም ከተራራቀ ወይ ሌላ ማደሪያ አለ፣ ወይ ስሕተት አለ ማለት ነው። ቁጥሮቹ የሚነጻጸሩት ሁሉም ትዝ እያለ፣ በዚያው ማታ ነው።

መንጋን የመገመት ዘዴ

እስከ ጥቂት መቶ የሚደርሱና ቆመው የሚመገቡ ወፎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በሺዎች የሚቆጠር መንጋ ወይም በበረራ ላይ ያለ ወፍ ግን አንድ በአንድ ለመቁጠር ጊዜ አይሰጥም። ያን ጊዜ ቆጣሪው በመጀመሪያ 10 ወፎችን ቆጥሮ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ በዓይኑ ይለካል። ያን መጠን እየደጋገመ እስከ 100 ይደርሳል፤ ከዚያም የ100ውን መጠን በመንጋው ርዝመት ላይ እያስኬደ ይቆጥራል። ገበሬ ማሳውን በእርምጃ እንደሚለካው ያለ ነው፤ እርምጃው እኩል እስከሆነ ድረስ ድምሩ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

የዚህ ዘዴ ድካም የታወቀ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ትልቅ መንጋን አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ አለው፤ መንጋው በተጠጋጋ ቁጥር ስሕተቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይገምቱና ውጤታቸውን ያስተያያሉ። ፎቶግራፍ ማንሣትም ይረዳል፤ ማታ ፎቶውን አስፍቶ እያንዳንዱን ወፍ በመቁጠር ግምቱ ምን ያህል እንደራቀ ማወቅ ይቻላል።

በቅጹ ላይ የሚጻፈው

የቆጠራ ቅጽ ከወፍ ስምና ቁጥር ሌላ ብዙ ነገር ይይዛል። የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የቆጣሪዎቹ ብዛት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ጉም ወይም አቧራ መኖር አለመኖሩ፣ የውኃው ስፋትና ጥልቀት፣ በአካባቢው የሚካሄደው ሥራ ሁሉ ይጻፋል። ከብት ገብቷል? የውኃ መሳቢያ ሞተር እየሠራ ነው? ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ? ቁጥሩ አንድ በአንድ የተቆጠረ ነው ወይስ ግምት?

ሁለት ልማዶች በተለይ ይጠበቃሉ። አንደኛው ያልተለየ ወፍን በግምት ስም አለመስጠት ነው። «ያልተለየ ዳክዬ፣ 40» ብሎ መጻፍ የተሳሳተ ስም ከመጻፍ ይሻላል። ሁለተኛው ዜሮን መጻፍ ነው። ዘውዳማ ክሬን ተፈልጎ ካልተገኘ «0» ተብሎ ይመዘገባል። ባዶ የተተወ ቦታ ወፉ አለመኖሩን ይሁን ማንም አለመፈለጉን አይናገርም። ከ20 ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው የሁለቱን ልዩነት ማወቅ የሚችለው በዚያች ዜሮ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

የአንድ ዓመት ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ብቻውን መልካምም ክፉም ዜና አይደለም። ዝናቡ በበዛበት ዓመት ውኃው በሰፊው ስለሚተኛ ወፎቹ ይበተናሉ፤ በሸሸርና በወላላ የሚቆጠሩት ሊያንሱ ይችላሉ። አዝመራው ዘግይቶ ከተሰበሰበ ክሬኖቹ ሌላ ማሳ ይመርጣሉ። አንድ ቡድን ብቻ ከሠራ ሦስት ቡድን ከሠራበት ዓመት ያነሰ ያያል። ስለዚህ አንድን ዓመት ከቀጣዩ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ የሚታየው የብዙ ዓመታት አካሄድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሳሳቻ ግን ሌላ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ሦስት ኩሬዎች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዱም 1,000 ወፎች ይውላሉ። ሁለቱ ኩሬዎች ቢደርቁና ከእነርሱ የተነሡት ወፎች ግማሾቹ ወደ ሦስተኛው ቢሰበሰቡ፣ በዚያ ኩሬ የሚቆጠሩት 2,000 ይሆናሉ። ያን ኩሬ ብቻ የሚያይ ሰው ወፎች በእጥፍ ጨመሩ ይላል። እውነቱ ግን በሜዳው ላይ ከነበሩት 3,000 ወፎች 1,000ው መሄዳቸውና የቀሩትም በአንድ ጠባብ ቦታ መጨናነቃቸው ነው። በጠባብ ውኃ መጨናነቅ ምግብን ያሳጥራል፤ በሽታም በቀላሉ እንዲተላለፍ ያደርጋል። ስለዚህ የውኃው ስፋት ከወፉ ቁጥር ጎን ካልተጻፈ መዝገቡ ከእውነት ተቃራኒ የሆነ ነገር ሊናገር ይችላል። በፎገራ ይህ ጉዳይ የመጽሐፍ ምሳሌ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሳተላይት ምስሎች ሲነጻጸሩ የሸሸርና የወላላ ውኃ ከ1980ዎቹ የአውሮፓ ዘመን ወዲህ በጣም ጠቧል።

በሜዳው ላይ የመጣው ለውጥ

የፎገራ ሜዳ ለረጅም ዘመን የግጦሽ አገር ነበር። በስሙ የሚጠራው የፎገራ የከብት ዝርያ በወተቱ የታወቀ ሲሆን፣ በረግረጉ ሣር የኖረ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በአካባቢው የሩዝ እርሻ እንዲጀመር ረዱ። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ እስከ ዛሬ በገበሬው ዘንድ የታወቀ ነው። ቀድሞ ውኃ ስለሚተኛበት ሰብል የማይበቅልበት መሬት ሩዝ ሆነ፤ ፎገራም በኢትዮጵያ ከዋነኞቹ ሩዝ አብቃይ አካባቢዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ከችግር መውጫ ሆኗል።

ሩዝ ራሱ የወፍ ጠላት አይደለም። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ በክረምት ለብዙ ወፎች እንደ ረግረግ ያገለግላል፤ ከአጨዳ በኋላ የረገፈው እህል ደግሞ ለክሬን ምግብ ነው። ለረግረጉ ከባድ የሆነው ከአጨዳ በኋላ የሚመጣው ነው። ሐይቁና ረግረጉ ሲሸሹ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ወዲያው ይታረሳል፤ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ለማልማት ደግሞ ከረግረጉ በሞተር ውኃ ይሳባል። ስለዚህ ውኃው ወፎቹ በብዛት በሚፈልጉት በጥርና በየካቲት ከተፈጥሮ ጊዜው ቀድሞ ያልቃል። ከውኃው ጋር የዓሣ ጫጩቶች፣ የከብቱ የበጋ መጠጥና የረግረጉ ሣርም አብረው ያልቃሉ።

ሌሎች ለውጦችም አሉ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የታየው እምቦጭ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ በመዛመት ክፍት ውኃን ይሸፍናል። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው የመስኖ ግድብም ወደ ሜዳው የሚወርደውን የጎርፍ መጠንና ጊዜ ይለውጣል። ለጎርፍ ተጋላጭ ለሆነው ነዋሪ ይህ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ለረግረጉ ግን በየዓመቱ የሚሞላው ያው ጎርፍ ነው።

በገበሬውና በክሬኑ መካከል ያለው ግንኙነትም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። የረገፈ እህልና የማሳ ተባይ ሲለቅም ክሬን አይጎዳም። አዲስ የተዘራ ወይም እሸት የያዘ ሽምብራ ላይ መንጋው ሲያርፍ ግን ቤተሰቡ የሚያጣው ነገር አለ፤ ልጆችም ማሳ ሲጠብቁ ይውላሉ። ቆጠራው መንጋዎች የትኛውን ማሳ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚመርጡ ስለሚያሳይ፣ ጥበቃው የት እንደሚያስፈልግና የትኛው ማደሪያ ባይነካ እንደሚሻል ለመወሰን ይረዳል።

የአካባቢው ሰው ድርሻ

በሜዳው ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚውሉት እረኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ናቸው። ዘውዳማ ክሬን የት ጎጆ እንደሠራ፣ የመጀመሪያው የስደተኞች መንጋ መቼ እንደደረሰ፣ የትኛው ኩሬ ቀድሞ እንደደረቀ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በጥር የሚመጣ ቡድን የሚያየው አንድ ቀን ነው፤ የክረምቱን ሁኔታ፣ ማለትም ነዋሪዎቹ ወፎች የሚፈለፍሉበትን ወቅት፣ ለማወቅ በእነርሱ ዕውቀት ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

ምዝገባ ውድ መሣሪያ የግድ አይፈልግም። በወረታ የሚኖር ተማሪ ቀን፣ ሰዓት፣ የቦታ ስም፣ የውኃውን ሁኔታ፣ ያየውን ወፍና ቁጥሩን በደብተር እየጻፈ፣ በየወሩ በዚያው ቦታ ቢደጋግም ለጥናት የሚያገለግል መዝገብ ይሆንለታል። ስልክ ያለው ሰው ኢበርድ በመሰለ ለሁሉም ክፍት በሆነ ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ለመጀመር እንደ ዘውዳማ ክሬን፣ የግብፅ ዝይና ነጭ ሽመላ ያሉ በቀላሉ የሚለዩ ወፎችን መምረጥ ይመከራል።

ወደ ጎጆ መጠጋትና መንጋን ማስነሣት ግን ከቆጠራ ደንብ ውጭ ነው። የተባረረ ወፍ ጉልበቱን ያባክናል፤ ሌላ ቦታ ሄዶም ሁለተኛ ይቆጠራል። ጥሩ ቆጠራ የሚባለው ወፎቹ እንደተቆጠሩ ሳያውቁ የሚያልቀው ነው።